ቀዝቃዛው የጭስ ቱቦ

መድኃኒት አመላላሹ ሞተረኛ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ሲገኝ፣ ትራፊክ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ለመዝጋት አልዘገዩም። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ኩርባ ላይ ከባድ መኪና ሊቀድም ሲል ሞተሩ አቅም አጣ፤ መኪናው ጎኑን ገጭቶ ከድልድዩ ሥር ወረወረው። አደጋ ነው አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሚስቱ መርማሪዋ ቢሮ ገብታ ወንበር ብትሰጣትም አልቀመጥ አለች።

«የገዛ ወንድሙ ነው የገደለው! ሞተሩ እየተንተባተበ ሲያስቸግረው ‹ደህና ነው፣ ንዳ› ብሎ ሸኘው። ከሰዓት ቀብሩ ላይ ዓይኑን እንዳላይ!»

«ባለቤትሽን ሌላ ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ‹ራሱ ሄዶ ይናገር ብዬ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ይላል። ማን እንደሆነ ስጠይቀው ዝም።»

መርማሪዋም አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ሴት ናት። ወዲያው ወደ ጣቢያው ጓሮ ወረደች። ሞተር ብስክሌቱ ከአደጋው ወዲህ እዚያ ተቆልፎበታል፤ የፊት ጎማው ተጣሟል፣ ሞተሩ ግን ተረፈ። አስነሳችው። ያለ እንከን ሠራ። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ግን ተንተባተበ፤ ስትመልሰው ተስተካከለ። እንደገና አዙራ ጥቂት አቆየችውና ከሞተሩ ሁለት ሲሊንደሮች በሚወጡት ሁለት የጭስ ቱቦዎች ላይ ውኃ ጠብ አደረገች። የቀኙ ላይ ጠብታው ቺስ ብሎ ተነነ፤ የግራው ላይ ዝም ብሎ ወረደ። የግራውን ነዳጅ አቀጣጣይ ካንዴላ ስትፈታው በቤንዚን ርሷል። ያየችውን ለማንም ሳትናገር መልሳ ቆለፈችውና ወደ ሟቹ ወንድም ጋራዥ ገሰገሰች።

መካኒኩ ወንድም መፍቻ አንስቶ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል።

«ስንቴ ፈታሁት መሰለዎት! እዚህ አቁሜ ሳስነሳው ምንም የለበትም። ምኑ ላይ ነው ስለው፣ ‹እንጃ፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥረዋል› ይለኛል። በቃ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ሰዎች ሳቂታው የሚሉት፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«ነዳጁ ነው ኢንስፔክተር። ቆሻሻ ገብቶበት ግራው ሲሊንደር ነዳጅ አልደርሰው ብሎ ነበር።»

«እሱ ነግሮህ ነው?»

«እሱማ ምኑንም አያውቅ። አጠገቡ ስነዳ በድምፁ ለየሁት። እጄን ግን አላስነካሁም፤ የሰው ሞተር አልነካም።»

መርማሪዋ አመስግናው ሚስትየውን ጨምራ ሦስቱንም ወደ ጣቢያው ጓሮ ጠራች። ሚስትየው ከባሏ ወንድም ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ነዳጅ ያልደረሰው ሲሊንደር ካንዴላው ደረቅ ይሆናል» አለች መርማሪዋ። «ይሄኛው ግን ርሷል። ነዳጁ ደርሷል፣ እሳቱ ነው የቀረው። የሚቀረውም መሪው ሲዞር ነው። እስቲ የነዳጅ ታንከሩን አንሳልኝ።»

መካኒኩ አነሳው። ለግራው ካንዴላ እሳት ወደሚልከው ኮይል የሚሄደው ሽቦ፣ ከመሪው አንገት አጠገብ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሟል።

«ይሄን እኔ አልጠመጠምኩም!»

«ፍታው።»

ከሥሩ ሽቦው በምላጭ ተቆርጦ በፕላስቲክ ሽፋኑ ጠርዝ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«በመፋተግ ያለቀ ሽቦ ዳሩ ይሻክራል፤ ይሄ ልሙጥ ነው። መሪው ቀጥ ሲል ይገናኛል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ተወጥሮ ይለያያል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ያልተገኘው። የሚጠፋው የግራው መሆኑን ሟቹ አያውቅም፣ ወንድሙም አያውቅም፤ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም።» ወደ ሳቂታው ዞረች። «አንተ ግን ነገርከኝ።»

«በድምፁ ነው አልኩ እኮ!»

«ሁለቱ ቱቦዎች ኋላ አንድ ማርሚታ፣ የድምፅ ማፈኛው፣ ውስጥ ነው የሚገቡት። አንዱ መጥፋቱ በድምፅ ይታወቃል፤ ግራ ይሁን ቀኝ ግን አይለይም። ያንን የሚያውቀው ሽቦውን የቆረጠው ነው። ሟቹ ጊዜ የሰጠህ ሄደህ ምኑን እንድትናገር ነው?»

ሳቂታው በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሞበታል። 

«አንዲት አሮጊት ገጭቼ ሸሸሁ... ሞተዋል። እሱ ከኋላዬ ነበር፣ አየኝ። እኔ እኮ ወድቆ ቢሰበር፣ ትንሽ ቢተኛ ብዬ ነው...»

ፖሊሱ ይዞት ሄደ። መካኒኩ ሽቦውን እንደጨበጠ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚስትየው ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና አጠገቡ መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ተነሥ ወንድሜ» አለችው። «ሰዓቱ ደርሷል። ያላንተ አይቀበርም።»