የራሂማ ካሴት

አቶ አግማስ በተቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ጽናት ደሴ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ እንድትታሰር ለመነች። ተረኛው ፖሊስ ዕቃ የጠፋባት መስሎት ወንበር ቢያሳያት አልተቀመጠችም። ድምፅዋን ሳታነሣና ሳታወርድ «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። ፖሊሱ ወደ ኢንስፔክተር አትጠገብ ክፍል ወሰዳት።

አትጠገብ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር ከአፉ ይልቅ እጁን የምትመለከት መርማሪ ነበረች። የአቶ አግማስን አሟሟት ታውቀዋለች። ሐኪሙ የከሰል ጢስ አፍኖ እንደገደላቸው አረጋግጧል፤ የታኅሣሥ ብርድ በበረታ ቁጥር በከተማይቱ የሚደርስ አደጋ ስለሆነ ጉዳዩ ሊዘጋ ጥቂት ነበር የቀረው።

ጽናት የማታ ተማሪዎች አስተማሪ ናት። አባቷ በሞቱበት ዓርብ አመሻሽ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ፍም ከሆነ በኋላ ከአባቷ አልጋ አጠገብ አኖረችው። የእንጨቱን መስኮት ገርበብ አድርጋ ከፈተች፤ ነፋስ እንዳይዘጋውም ሽብልቅ ወሸቀችበትና ወደ ሥራዋ ሄደች። ስትመለስ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አባቷ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ሞተው አገኘቻቸው።

«ከፍቼ የሄድኩ ይመስለኝ ነበር» አለች ጽናት። «አባቴ ከወደቀ ወዲህ ከአልጋ አይነሣም፤ ሊዘጋው አይችልም። ቤታችን የመጣ ሰው እንዳለ ወዳጆቹን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የለም። እንግዲያው አልከፈትኩትም ማለት ነው። ከፍቻለሁ የምለው ልቤ ራሱን ለማዳን የፈጠረው ነው። እኔ የራሴን ትዝታ ማመን አቁሜአለሁ፤ ተማሪ ፊት መቆምም አልቻልኩም። ፍረዱብኝና ይቅለለኝ።»

«ሽብልቁ ወትሮ የት ነው የሚቀመጠው?»

«መስኮቱ ደፍ ላይ።»

«ስትመለሽስ የት ነበር?»

ጽናት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «መሬት ላይ። ስገባ ረግጬዋለሁ።»

አትጠገብ ይህን ጻፈች። ያልተወሸቀ ሽብልቅ ከቦታው አይወርድም። ይህን ግን ለጽናት አልነገረቻትም፤ ነገሩ ሳይጨበጥ ለተጎዳች ልጅ ተስፋ መስጠትን እንደ ጭካኔ ትቆጥረው ነበርና። ወደ ቤትዋ እንድትመለስና እንድትጠብቅ ብቻ አዘዘቻት።

በማግስቱ ስለ ሟቹ ወዳጆች ጠያየቀች። አቶ አግማስ በወጣትነታቸው አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። በስተርጅና ከሦስት የዱሮ ጓደኞቻቸው ጋር በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፍተው «የዓርብ ዜማ» ብለውታል። ዓርብ ዓርብ ሲመሽ ባለተራው አንድ የዱሮ ዜማ ከካሴት ቀድቶ ይልካል፤ ዜማው ሳይጀምርም የት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሰማው በገዛ ድምፁ ይተርካል። ሁዳዴ ሲገባ በገና፣ ረመዳን ሲገባ መንዙማ ብቻ ነው የሚላከው። የቀረጻ ዘዴያቸው የሽማግሌ ነው፤ ስልኩን ከቴፕ ሪከርደሩ ድምፅ ማጉያ ፊት ይደግኑታል። ስለዚህ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ዜማው እስኪያልቅም በክፍሉ ያለ ሰው አይናገርም። ይህን ደንብ የጣሰ፣ ባጃጁ ነው የዘፈነው ወይስ ዘፋኙ እየተባለ ሳምንቱን ሙሉ ይቀለድበታል።

የመጨረሻው ተራ የአቶ አግማስ ነበር። ኮምቦልቻ በአንድ ሠርግ ላይ ራሳቸው ቀርጸውት የጠፋባቸውን ካሴት ከሳጥን ሥር አግኝተው ላኩት። ድምፁ የራሂማ ነበር፤ ያኔ ልጃገረድ ናት። በኋላ የቡድኑን አባል አቶ ሸረፈዲንን አግብታ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፋለች። ዜማው ለቡድኑ በደረሰበት ምሽት አግማስ ሞቱ። ካሴቱ ግን ቴፑ ውስጥ አልተገኘም፤ በቤቱም የለም።

አትጠገብ በመጀመሪያ ፒያሳ ወዳለው ወደ አቶ ደሳለው ሱቅ ሄደች። ሱቁ በደጉ ዘመን ካሴት ቤት ነበር፤ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል። አንድ መደርደሪያ ካሴት ብቻ ለክብሩ ቀርቷል። ከጠረጴዛው ሥር የከሰል ምድጃ ይነዳል። ሽማግሌው ካሴቱ የተገኘ ሰሞን ዜማውን ለሕዝብ በኢንተርኔት ልልቀቀው ብለው ከአግማስ ጋር መጣላታቸውን አልካዱም፤ አግማስም የሰው ሚስት ድምፅ አልሸጥም ብለው እንደሰደቧቸው ነገሯት። ዓርብ ሲመሽ የት እንደነበሩ ስትጠይቃቸው ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን እንደነበሩ ተናገሩ፤ ምስክር አልነበራቸውም።

አትጠገብ አንድ ዜማ እንዲቀዱላት ለመነቻቸው። አቶ ደሳለው ካሴት መረጡ፤ ቴፑን አቧራ አራገፉለት። ከዚያም ጎንበስ ብለው ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥተው ካስቀመጡ በኋላ በሩን ዘጉ።

«ምነው አወጡት? ብርድ ነው» አለች።

«ከከሰል ጋር በር ዘግቶ የሚቀመጥ የደሴ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺስ የየት አገር ልጅ ነሽ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። ጽናት ትዝ ብላቸው ነበር።

ወይዘሮ ወርቅነሽ በዱሮው የኪነት ቡድን ድምፃዊት ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ለአግማስ ሾርባ ያደርሱላቸው ነበር።

«ደሳለው ነው የላከሽ?» አሉ ገና ሳትቀመጥ። «እሱ ከሰው ይልቅ ካሴት ይወዳል። ቢሞት እንኳ በሁለቱም ገጽ አገላብጡኝ ሳይል አይቀርም።»

በዚያን ዕለት ግን ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ ሐርቡ ወርደው ስለነበር ሾርባው ቀርቷል። ከሠርጉ ቤት ለቡድኑ የላኩትን ድምፅ አሰሟት፤ ከበሮው፣ እልልታው፣ ወርቅነሽን ወደ ጭፈራው የሚጠራው ሕዝብ ሁሉ ተሰማ። ያን የላኩት የራሂማ ዜማ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር፤ ዜማውንም እዚያው ሆነው ሰምተው እያለቀሱ መልስ ሰጥተዋል። አቶ ደሳለውም መልሰዋል።

«አቶ ሸረፈዲንስ ምን መለሱ?»

«ምንም። የሚስቱን ድምፅ ሰምቶ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሐዘን አፉን ይዞት ነው ብለን አልጎተጎትነውም።»

አትጠገብ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ፊቷን መታት። ካፖርቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አደረገች። አቶ ሸረፈዲን የቀትሩን ሶላት፣ ዝሁርን፣ ሊሰግዱ መስጊድ ሄደዋል። ልጃቸው ከሪማ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበችላትና አባቷ ታመው መሰንበታቸውን ነገረቻት። እህል አይወስዱም፤ ክፍላቸውን ቆልፈው ይውላሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጋሽ አግማስ ከሞቱበት ዓርብ ጀምሮ። ለዐይናቸው መድኃኒት ደሴ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አስመልሷቸው፣ ራሴን ሊፈልጠው ነው እያሉ ገቡ። የሐረጎ መጠማዘዝ ነው ያዞረኝ አሉ። እኔም ሳቅሁባቸው። አባዬ እኮ ጸጉራቸው እስኪሸብት በዚያ መንገድ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው።»

«ቤታችሁ ሲበርድ ከሰል ታስገባላችሁ?»

«ኮምቦልቻ ላይ?» አለች ከሪማ። «እኛ የምንለምነው ነፋስ ነው፤ የሚነደውም ደጅ ነው።»

አቶ ሸረፈዲን ከመስጊድ ሲመለሱ በሰላምታ ተቀበሏት። ያን ዓርብ የት እንደዋሉ ስትጠይቃቸው ከቤታቸው እንዳልወጡ ተናገሩ። ከሪማ ወደ መሬት አቀረቀረች። አትጠገብ በመጪው ዓርብ ከአቶ አግማስ ቤት እንዲገኙ ብቻ ጠየቀቻቸው።

በቀጠሮው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ጽናት ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ባዶውን አልጋ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳለች። አትጠገብ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የመጨረሻውን ዜማ ከፈተችው። በመጀመሪያ የአግማስ ሻካራ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ራሂማ ዘፈነች። ወርቅነሽ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዜማው ሲያልቅ መርማሪዋ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

«እናንተ ይህን ዜማ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል» አለች። «ሁላችሁም የሰማችሁት ራሂማን ነው። አሁን እርሷን ተዉአትና ክፍሉን ስሙት።»

አዳመጡ። ከራሂማ ድምፅ ጀርባ ባጃጅ ዳገቱን እያጓራ ይወጣል። ሌላ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ፣ እንጨትም ከእንጨት ሲጋጠም ተሰማ። ከዚያ በኋላ የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ ራሂማ ብቻዋን ቀረች።

«የወደቀው ሽብልቁ ነው፤ የተጋጠመው መስኮቱ» አለች አትጠገብ። «ዜማው ሲጀመር መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ዜማው ሲያልቅ ዝግ ነው። አቶ አግማስ ከአልጋ አይነሡም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። ያ ሰው መስኮቱን የዘጋው በክፋት አይደለም፤ በእናንተ ልማድ ዜማ ሲቀዳ ስለሚዘጋ ነው። አንዲት ቃል ያልተናገረውም በልማዳችሁ ነው። ከቡድኑ አንዱ ነበር።»

አቶ ደሳለው ወዲያው ወደ አቶ ሸረፈዲን አልተመለከቱም፤ መሬቱን አዩ።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ በዚያች ሰዓት ሐርቡ ሠርግ ላይ ነበሩ፤ ድምፃቸው ይመሰክራል። አቶ ደሳለውን ምስክር ስላልነበራቸው ጠርጥሬአቸው ነበር። ግን ምድጃቸውን ሳያወጡ በር አይዘጉም፤ በዚህ ብርድ ያደገ ሰው እጁ ራሱ ያስታውሰዋል። ይህን ስሕተት የሚሠራው ከሰል በቤቱ የማያስገባ የቆላ ሰው ነው። ከዚያ ሌላ፣ የሚስቱን ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ በስልክ የሰማ ባል ለወዳጆቹ አንዲት ቃል እንኳ አለመመለሱ ለምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ምናልባት ቀድሞ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሰምቶት ይሆናል አልኩ። በመጨረሻም አንድ የዱሮ ሾፌር ዕድሜውን በነዳበት መንገድ ላይ አስመለሰው። ያን የሚያደርገው መጠማዘዙ አይደለም፤ አቶ አግማስን የገደለው ጢስ ነው።»

አቶ ሸረፈዲን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ካሴቱን አውጥተው ከስልኩ ጎን አኖሩት።

«ባጃጁ ድምፅዋን ሸፈነብኝ» አሉ። «ተነሥቼ ዘጋሁት። ካበቃ በኋላ መልሰን ሰማናት፤ ደግሞ መልሰን። እኔ እሷን ስሰማ አግማስ እኔን ያይ ነበር፤ መስኮቱን ሁለታችንም ረሳነው። ካሴቱን ስጠኝ አልኩት። አስገልብጬ በሚመጣው ዓርብ ውሰድ አለኝ። ከዚያ እንቅልፍ የያዘው መሰለኝ። እስከ ዓርብ መጠበቅ አቃተኝና ከቴፑ አውጥቼ ሄድኩ። ወላሂ፣ የተኛ ነበር የመሰለኝ።»

«መቼ ገባዎት?» አለች አትጠገብ።

«ልቅሶ ላይ። ስለ ከሰሉ ሲያወሩ የራሴ ራስ ምታት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ብናገር ካሴቱን እንደምትወስዱብኝ አወቅሁ። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

ጽናት ከግድግዳው ዘወር አለች። ወደ እሳቸውም ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ጋሽ ሸረፈዲን፣ ልቅሶ ላይ አጠገቤ ነበሩ። እኔ ነኝ የገደልኩት ስል እጄን ይዘው የአላህ ሥራ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«አውቅ ነበር።»

ጽናት ልትጮህ፣ ወይም እጇን ልታነሣ ትችላለች ብላ አትጠገብ በትኩረት ጠበቀች። እርሷ ግን ከሸረፈዲን ፊት ዞር ብላ ወደ ወርቅነሽ ሄደች።

«እትዬ፣ መስኮቱን ከፍቼው ነበር» አለች።

«ከፍተሽው ነበር፣ ልጄ።»

ወደ አቶ ደሳለው ሄደች። «ከፍቼው ነበር፣ ጋሼ።»

«ከፍተሽው ነበር» አሉ አቶ ደሳለው።

አትጠገብ ካሴቱን በማስረጃነት አንሥታ፣ በደሉ በሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ዐቃቤ ሕግ እንደሚወስን በዝግታ አስረዳች። አቶ ሸረፈዲን በትራቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጽናት መንገዱ ላይ ቆማ ነበር፤ አላሳለፈቻቸውም። ይቅርታ አልለመኑም፤ እርሷም አልሰጠችም። እንዲናገሩት ብቻ ትጠብቅ ነበር።

«ከፍተሽው ነበር» አሉ ሸረፈዲን። «እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ጽናት ከመንገዱ ዞር አለችላቸው። እርሳቸውም ከመርማሪዋ ጋር ዳገቱን ወረዱ።