ሜላት ያበላሸችው ደወል

ሜላት ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። የአጎቷ የሙዚቃ ስቱዲዮ ቡሬ ውስጥ፣ የነቀምቴ መንገድ ከሚገነጠልበት ማዶ ነው። ከሽንዲ የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩንባ ባሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«ምነው ልጄ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል እንዴ?» አሏት አጎቷ ጋሼ ገብረሰንበት።

«አይ ጋሼ፣ የመምህሩን የደወል ድምፅ ገና ስላልጨረስኩት ነው።»

ዋሸች። ድምፁ ካለቀ ሰንብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ያረጋል የሚባል የሽንዲ መምህር ስለ አገሩ የደረሰውን ዘፈን ሊያስቀዳ መጣ። የቄስ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ዜማ ስለተማረ ጆሮውን ማታለል ከባድ ነው። ዘፈኑ በደብራቸው የድንጋይ ደወል እንዲጀምር ፈለገ።

«በሞባይል ለምን ቀድተው አላመጡትም?» አለችው፣ ያን ጊዜ ገና «እርስዎ» ሲባባሉ።

«ቀድቼው ነበር። የተሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።»

ስለዚህ ደወሉን ከኮምፒውተር ማውጣት ግድ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚሠራው ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች ነው፤ አንዱ ድምፁን ያመነጫል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ቶሎ ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለውን ይወስናል። የሁሉም ማስተካከያ አንድ ላይ ሲቀመጥ ፕሪሴት ይባላል፤ ስም ተሰጥቶት ይቀመጣል፣ በሌላ ቀን ሲከፍቱት እንደነበረ ይመጣል። ሜላት በዚህ ሥራ አትታማም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ደወሉ ተገኘ። ገና ሲመታ ያረጋል ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው ያየው ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነበር። ሜላትን ፍርሃት ያዛት፤ «ልክ ነው» ካለ ዘፈኑን ቀድቶ ይሄዳል፣ ከሄደም አይመለስም።

«ትንሽ ይቀረዋል። ለሳምንት ላስተካክለው» አለች አፏ እንዳመጣላት።

ያን ፕሪሴት በሌላ ስም አስቀምጣ ሸሸገችው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከግልባጩ ላይ አንዱን ሞጁል ሆን ብላ ትነካካለች። አንዱን ቅዳሜ ማጣሪያውን አጥብቃ ደወሉን ጉንፋን አስያዘችው፤ በሌላው ደግሞ ማስተጋቢያውን ለቃ የትልቅ ከተማ ካቴድራል አስመሰለችው። ያረጋል ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ ገና ነው» ይላል፤ አብረው ሲያስተካክሉ ቀኑ ይመሻል። በመሃል «እርስዎ» ቀረና «አንተ»፣ «አንቺ» ተባባሉ። ልቧ ግን አላረፈም። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለውን እሷም ታውቀዋለች።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ከሽንዲ የመጣች ጓደኛዋ ወሬ ይዛ መጣች፤ የያረጋል አባት ቄስ ባምላኩ፣ ገበዝ ማርያም ከተማ ላለች የወዳጃቸው ልጅ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ሜላት ተናደደች፤ ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስላት መናደዷም ራሱ አናደዳት። የሌላ ሴት እጮኛ በውሸት ደወል አስሬ ልይዝ ነው እንዴ? ብላ አፈረች። ወሰነች። ዛሬ እውነተኛውን ትከፍትለታለች፤ ከዚያ ይሂድ።

አጎቷ ወጣ እንዳሉ ያረጋል ገባ።

«ዛሬ አልቋል» አለችው ሰላምታውን ሳታስጨርሰው፤ የሸሸገችውን ከፍታ መታችው።

ደወሉ ክፍሉን ሞላው። ያረጋል በሩ አጠገብ እንደቆመ አዳመጠ።

«ይኼ የሁለተኛው ሳምንቱ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ፊቷ ጋለ። «ታውቅ ነበር?»

«ያደግሁበት ደወል እኮ ነው! ያን ቀን ልክ መሆኑን አውቄያለሁ። ‹ትንሽ ይቀረዋል› ስትዪ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላማ የቱን እንዳበላሸሽው እየሰማሁ ‹ገና ነው› እላለሁ።»

«እኔ እዚህ በጭንቀት ስሞት!»

«እኔስ? ቅዳሜ እስኪደርስ የምሆነውን አታውቂም።»

ውጭ ረዳቶቹ «ሽንዲ! ሽንዲ!» እያሉ ይጣራሉ። ሜላት ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ገበዝ ማርያም ሽማግሌ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለች።

«እውነት ነው። ነገ ነው የሚነሡት። ትናንት አባቴ ጠሩኝና ‹በየሳምንቱ ቡሬ የሚያመላልስህ ምንድን ነው?› አሉኝ። ‹ደወሉ ልክ አልመጣ ብሎኝ ነው› አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‹ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ደወል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሰው እንዲህ የሚያመላልስ ደወል ግን አላውቅም። የልጅቱ አባት ማን ይባላሉ?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«እሷን ሳልጠይቅ አልናገርም አልኳቸው። እወድሻለሁ፣ ሜላት። ሽማግሌዎቹ መነሣታቸው አይቀርም፤ ወዴት እንደሚሄዱ አንቺ ንገሪኝ።»

ሜላት ጀርባዋን ሰጥታው ነጠላዋን አስተካከለችና ዞረች።

«ከሽንዲ ገበዝ ማርያም የሚሄድ ሰው ቡሬ ላይ ወርዶ መኪና ይቀይራል አይደል?»

«ይቀይራል።»

«እንግዲያው በሽማግሌ ጉልበት ምን ያንከራትታቸዋል? እዚሁ ይውረዱና አባቴ ቤት ይረፉ።»