የታሰሩት አውራ ጣቶች

ንዋይ በሕይወት ሳለ አፉን መዝጋት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ሞቶም አልዘጋውም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል ከአንድ አሮጌ ጎማ ጋር አሸዋው ላይ ሲተፋው አፉ በሰፊው እንደተከፈተ፣ ዓይኖቹም እንደፈጠጡ ነበሩ። መጀመሪያ ያየችው ውሻዋን ልታናፍስ የወጣች አንዲት ፈረንጅ ናት። እሷ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፤ ውሻው ግን እንዲህ ያለ ጥሩ ጠዋት አይቶ አያውቅም።

መርማሪ ትርሲት ስትደርስ የሥራ ባልደረባዋ ሳጅን ዌብ ጓንቱን አውልቆ፣ ነገሩንም በሐሳቡ ዘግቶ ጨርሷል።

«ታስሮ ውኃ ውስጥ ተጥሏል» አላት። «የወንበዴ ሥራ ነው። ምሳ እንሂድ።»

ትርሲት ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሁለቱ እግሮች አውራ ጣቶች በአረንጓዴ የዓሣ ማጥመጃ ክር ጥብቅ ተደርገው አንድ ላይ ታስረዋል። የግራ እጁም አውራ ጣት ላይ ያው ክር አለ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ግን ከክሩ አምልጧል፤ ሲያመልጥ ቆዳውን እንደ ወለቀ ጓንት እዚያው ትቶ ነው የወጣው። የእጁ አንጓ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም።

«ዌብ፣ አንተ ሰው ብታስር ምኑን ታስራለህ?»

«እጁን ነዋ።»

«አውራ ጣቱን ብቻ?»

«ምን አውቃለሁ፣ ክር ያጠረው ወንበዴ ይሆናል።»

«ይሄ ወንበዴ አይደለም። ይሄን ሰው ገንዘውታል» አለችው። «እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዓይኑ ይከደናል፣ አገጩ ይታሰራል፣ ከዚያ የእጁና የእግሩ አውራ ጣቶች ይያያዛሉ። እናቴ አባቴን ስትገንዘው ጨርቁን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የገደለው ሰው አዝኖለታል ማለት ነው።»

«ካዘነለት» አለች ትርሲት ወደ ተከፈተው አፍ እያየች፣ «ከፊቱ መጀመር ነበረበት።»

ሟቹ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። ንዋይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስሙ የታወቀ ምግብ ቤት ነበረው፤ ከምግብ ቤቱ ይልቅ ግን ስሙን ያስጠራለት ጉራው ነው። በየነሐሴው ወደ ሌላኛው ዋሽንግተን፣ በምዕራቡ ጠረፍ ወዳለው ስቴት እየበረረ በጀልባ ሳልመን የሚባል ዓሣ ያጠምዳል፤ የቀረውን ዓመት ስለዚያ ሳልመን እያወራ ሰው ያደነቁራል። ቼሳፒክ ሳልመን የለውምና እዚህ ሮክፊሽ በሚባለው ዓሣ ይጽናና ነበር። የሳልመን ራስ መምቻዋን የእንጨት ዱላ ግን ከጀልባው አይለያትም። ጀልባዋን በሚስቱ ስም «ትብለጥ» ብሎ ሰይሟታል።

ቅዳሜ ጠዋት አብረውት የወጡት ሦስት ናቸው፤ ሚስቱ ትብለጥ፣ ታናሽ ወንድሙ ዋለልኝና የቤተሰቡ ወዳጅ ሚናስ፣ እሱም ነርስ ነው። ሦስቱም ለነፍስ አድኖቹ የተናገሩት አንድ ነው፦ ዓሣ ሊያወጣ ጎንበስ እንዳለ ማዕበል መታን፣ ወደቀ፣ ፈልገን አጣነው። ቃል በቃል አንድ። ትርሲት ደግሞ በዕድሜዋ ሦስት ሐበሾች አንድን ነገር አንድ ዓይነት አድርገው ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም።

መጀመሪያ ወደ ትብለጥ ሄደች። ጀልባዋ ከነተሳቢ ትሬለሯ ደጅ ላይ ቆማለች። ትብለጥ ጥቁር ለብሳ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ ግን ደረቅ ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት ትርሲት።

«አሜን፣ የኔ እናት። ተቀመጪ።»

«ቅዳሜ አየሩ እንዴት ነበር?»

«ብርዱ አይወራም። ስናወራ ከአፋችን እንፋሎቱ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። ንዋይማ አፉ ስለማያርፍ ባቡር ነበር የሚመስለው።» ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«መንጠቆ የሚያስርላችሁ ማነው?»

«ሚናስ ነው፣ ለሁላችንም። ንዋይ መንጠቆ አስሮ አያውቅም። ‹ቋጠሮ የነርስ ሥራ ነው› ይለዋል።»

«ሚናስን ከየት ነው የምታውቁት?»

ትብለጥ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ኢሚግሬሽን ዘንድ ይደርሳል?»

«እኔ የመጣሁት ለሬሳ ነው፣ ለወረቀት አይደለም።»

«እንግዲያው ዲቪ ሲደርሰኝ በወረቀት ባሌ አድርጌ ያመጣሁት እሱን ነው። እንደደረስን ተፋታን፤ እኔም ንዋይን አገባሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል። ንዋይ ራሱ ነው የሚያወራው። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ተዋወቁት፣ የሚስቴ የወረቀት ባል ነው› ይላል።»

«ሚናስስ ምን ይላል?»

«ይስቃላ። ምን ያድርግ?»

ሚናስ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ ትርሲት ጫማዋን ልታወልቅ ቃጣት። የመንጠቆ ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ እሷ ስትገባም ክር እየጠመጠመ ነበር።

«ይቅርታ እህቴ፣ እጄ ሥራ ካልያዘ ሐዘኑ አይለቀኝም» አላት።

«ይቀጥሉ። የንዋይ እግር ላይ ክር አገኘን።»

ጣቶቹ ለአፍታ ቆሙ። «ጀልባ ላይ ክር ብዙ ነው። ተጠላልፎበት ይሆናል።»

«ሁለቱ አውራ ጣቶች ላይ? ያውም ተቋጥሮ?»

ሚናስ ትከሻውን ነቀነቀ። ትርሲት የያዘውን መንጠቆ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ጎበዝ ነዎት። ይሄ ቋጠሮ አይላላም?»

«ይሄ?» አለ፤ ሳያስበው ኮራ አለ። «ዓሣው በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ። ለዚያ እኮ ነው የሚመረጠው።»

ዋለልኝ የሚኖርበት ሀያትስቪል ስትደርስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ሾፌር ነው፤ ከቅዳሜ ወዲህ ግን አንድ ሰው እንኳ አልጫነም። ከኋላ ወንበር ላይ ገና ከፕላስቲኩ ያልወጣ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል።

«ለልጄ ነው» አላት ወደ መቀመጫው ስታይ። «ከነእናቷ ለገና ይገባሉ። ፕሮሰሱ ስንት ዓመት ፈጀ መሰለሽ። ልጄን በስልክ ብቻ ነው የማውቃት።»

ትርሲት የአውራ ጣቶቹን ፎቶ አሳየችው። ዋለልኝ መሪው ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ንገረኝ።»

«ትልቅ ሮክፊሽ መጣ። መረቡን ዘግይቼ ዘረጋሁና አመለጠ። ጋሼ ንዋይ ኩለሩ፣ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ከነበሩት ዓሦች አንዱን አነሳና በዓሣው ፊቴን መታኝ። እየሳቀ፣ ደጋግሞ። ‹ሚስትህንም እንዲሁ ነው የምትቀበላት፤ አንተ እጅ የገባ ነገር ሁሉ ያመልጣል› አለኝ። ዱላዋ እግሬ ሥር ነበረች።»

«ስንቴ መታኸው?»

«አንዴ። ተዘረረ። ጋሼ ሚናስ ሮጦ አንገቱን ያዘና ‹አልቋል› አለ። ነርስ ነው፣ ያውቃል። ወዲያው የዝናብ ልብሱን አውልቆ ፊቱ ላይ ጣለበት። ‹አትዩት› አለን። ‹ከታወቀ ዋለልኝ ዕድሜ ልኩን እስር ቤት ነው፤ ወደቀ እንበል› አለ። ቀጥሎ ‹እንደ ውሻ ግን አንጥለውም፣ ልገንዘው› ብሎ አለቀሰ። እኛ ዞር አልን። ከዚያ እኔ በራስጌው፣ እትዬ ትብለጥ በግርጌው ይዘን…»

«ሚናስስ?»

«የጀልባዋን መሪ ይዞ ነበር።»

ሳጅን ዌብ ይሄን ሲሰማ ተደሰተ። «አበቃ። ታናሽየው ነው። ዛሬውኑ በነፍስ ግድያ እንክሰሰው።»

«እስከ ነገ ጠዋት ታገሠኝ» አለች ትርሲት። «ሬሳውን የሚመረምረውን ሐኪም ኮል ላድርገው።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም የንዋይ ደጅ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ሰብስባም ጀልባዋ ላይ አወጣቻቸው። ጥቁር የለበሱ ሰዎች በደረቅ ምድር ላይ፣ በመሰላል፣ አንድ በአንድ ጀልባ ሲሳፈሩ ያዩት ጎረቤቶች ምን እንዳሉ አልተሰማም፤ መጋረጃዎቹ ግን ሲንቀሳቀሱ ታይተዋል። ዌብ ከመሰላሉ ሥር ቆመ።

«እያንዳንዳችሁ ቅዳሜ የነበራችሁበት ቦታ ቁሙ» አለች ትርሲት። ዋለልኝ ከመረቡ አጠገብ፣ ትብለጥ ከኋላ፣ ሚናስ ከመሪው ጋ ቆሙ።

«ዋለልኝ፣ ቃልህን ሰጥተሃል። ወንድምህን መትተሃል፤ ለእሱ ትጠየቃለህ። ሐኪሙ ግን ትናንት ያለኝን ልንገርህ። ያንተ ዱላ አልገደለውም፤ ራሱን ነው ያሳተው። ሳንባው ውኃ ሞልቶታል። ሬሳ ውኃ አይተነፍስም። ክሩ የገባበት ሥጋም ደምቷል። ውኃ ውስጥ ነቅቶ፣ ታግሎ፣ አንዱን ጣቱን ገፎ አውጥቷል። ሌሎቹን አልቻለም።»

ዋለልኝ እዚያው መረቡ አጠገብ ቁጭ አለ። ትብለጥ የኩለሩ ክዳን ላይ ተቀመጠች።

ሚናስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ወይኔ፣ ተሳስቼ ነው። በዚያ ብርድ ጣቴ ደንዝዞ የደም ሥሩን አጣሁት። ነርስ ነኝ እንጂ አምላክ አይደለሁም፣ እህቴ።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ስሕተት ነው አልኩ» አለች ትርሲት። ወደ ትብለጥ ዞረች። «ሰው ሲገነዝ መጀመሪያ ምኑ ይነካል?»

«ዓይኑ ይከደናላ» አለች ትብለጥ። «ከዚያ አገጩ።»

«ንዋይ ዓይኑም አፉም ክፍት ነበር። ጣቶቹን እንደዚያ ተጠንቅቆ ያሰረ ሰው ፊቱን ለምን አልነካም? ነገሩን እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ብርድ ነበር፤ ስታወሩ ከአፋችሁ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው አያወራም፤ ግን ይተነፍሳል። ከአፉም እንፋሎት ይወጣል።» ቀስ ብላ ወደ ሚናስ ቀረበች። «ለዚያ ነው ፊቱን የሸፈንከው። አልቅሰህለት አይደለም። እንዳያዩት ነው።»

እስካሁን በእርስዎ ስትጠራው ነበር። ሚናስ መለወጧን አስተዋለ፤ እጁንም ከፊቱ ላይ አወረደ። ጉንጩ ደረቅ ነው።

«ይሄ ግምት ነው» አለ።

«ቋጠሮውስ? ጣት የሚያያዘው ሬሳው እንዳይበታተን ነው፤ ላላ ያለ ጨርቅ ይበቃዋል። አንተ ግን በመንጠቆ ቋጠሮ አሰርከው። በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል፣ ለዚያ ነው የሚመረጠው ብለህ ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። ሬሳ ግን አይጎትትም፣ ሚናስ። የማይጎትት እጅ ለምን እንዲያ ይታሰራል?»

 ከመንገዱ ማዶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆሞ ልጆች ጫነና ሄደ።

«ሳይታሰር ቢጣል ብርዱ ያነቃው ነበር፤ የጀልባዋ ጠርዝ ላይም ይንጠለጠል ነበር። አንተ ያንን አልፈለግክም። የዋለልኝ ዱላ ሳትጠይቅ የተሰጠህ ስጦታ ነው። አንዱ ወንድም ውኃ ውስጥ፣ ሌላው ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ እድሜውን ሙሉ አፉን ዘግቶ። ብቻዋን የቀረችውን ሴት ደግሞ የሚያጽናና ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሁለቱን አስይዘህ አንተ መሪው ጋ የቆምከው። እጅህን ውኃ እንኳ አልነካውም።»

ሚናስ ሳቀ። ንዋይ «የወረቀት ባል» ባለው ቁጥር የሚስቀው ሳቅ መሆን አለበት፤ ለስላሳና የለመደ። ከዚያ ፊቱን ወደ ትብለጥ አዞረ፤ ትርሲትን የረሳት መሰለ።

«ለእኔ ወረቀት አልነበረም» አላት።

ትብለጥ አየችው። ረጅም ጊዜ፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ለእኔ ነበር» አለች።

የሳቁ ርዝራዥ ከፊቱ ላይ ተነነ። ዌብ መሰላሉን ወጥቶ እጆቹን ወደ ኋላ ሲያጣምርበት ምንም አልታገለም። ካቴናው ቀጭ ሲል ግን ወደ ዋለልኝ ጎንበስ አለ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ልክ ነው። የጣልከው ግን አንተ ነህ። ለልጅህ እንደሱ ብለህ ንገራት።» ቀጥሎ ወደ ትብለጥ፣ «አንቺ ደግሞ እግሩን ይዘሽ አልነበር? እግሩ አልነገረሽም?»

ዌብ ጎትቶ አወረደው። ትርሲት ዋለልኝን ትከሻውን ይዛ አስነሳችው። «አብረኸኝ ትመጣለህ። ለገና አየር ማረፊያ ላትደርስ ትችላለህ፤ ግን በነፍሰ ገዳይነት አይደለም የምትከሰሰው። ልጅህ የምታገኘው አባት ይኖራታል።» ዋለልኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰምቷት ይሁን አይሁን አላወቀችም።

ትብለጥ ብቻዋን ከጀልባዋ ኋላ ቀርታለች። መዳፎቿን ዘርግታ ታያቸዋለች።

«ተንቀሳቅሶ ነበር» አለች። «ሳነሳው ተረከዙ መዳፌ ላይ ገፋኝ። ጀልባው ነው የተወዛወዘው ብዬ ነበር።»

 ጀልባዋ ትሬለሩ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ትብለጥ ግን እንዳትወድቅ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።