ወርቃማው ግንደ ቆርቁር

በአርዳሜት መንግሥት አንድ ማለዳ፣ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ የቆመው ታላቁ የሼላ ዛፍ ለምለም ቅጠሉን በአንድ ጊዜ አራገፈ። የአገሩ ምንጮች ሁሉ የሚፈልቁት ከሥሩ ነበርና ሕዝቡ በድንጋጤ ተዋጠ።

የንግሥቲቱ ጠቢብ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። «ዛሙር የተባለው የአስማት ትል ገብቶበታል» አሉ። «ነቅሎ የሚያወጣው በቂርማሽ ጫካ የሚኖረው ወርቃማ ግንደ ቆርቁር ብቻ ነው። ግን ተጠንቀቁ! ጫካው እሱን በሚመስሉ መናፍስት ተሞልቷል። ሐሰተኛው ወፍ ዛፉን የነካ ዕለት አገር ይጠፋል።»

የቤተ መንግሥቱ የአዕዋፍ ሠዓሊ፣ ወጣቷ ቴልሚራ፣ ከንግሥቲቱ ፊት ተንበረከከች። «እውነተኛውን ሳልለይ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። አጎቷ ጎርደም፣ ስመ ጥሩ ጦረኛ፣ ጋሻቸውን አንግበው ተከተሏት።

በዘጠነኛው ቀን ጀርባው የሚያብረቀርቅ ወፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ አዩ። ጎርደም መረባቸውን ሊወረውሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቆዩ አጎቴ!»

«ምን ያስቆየናል? አንቺ ራስሽ የሣልሽው አይደለም እንዴ?»

«ጅራቱን ይመልከቱ። ግንደ ቆርቁር ጠንካራ ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ይደገፍበታል፤ የዚህ ግን እንጨቱን አልነካም። ጣቶቹም ሦስቱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ናቸው። የእውነተኛው ሁለት በሁለት ነው።»

ወፉ ይህን ሲሰማ እንደ ጭስ በነነ።

«ዕድሜዬን ጫካ ለጫካ ስዞር የወፍ ጣት ቆጥሬ አላውቅም!» ብለው ጎርደም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ያገኙትን ወፍ ሁሉ አንጋጠው መመርመር ያዙ።

እውነተኛውን ቀድመው ያዩትም እሳቸው ሆኑ። ጀርባው ወርቃማ፣ አናቱ ቀይ፣ ደረቱ ሽንትር ያለበት፣ ጅራቱን ግንዱ ላይ ተክሎ በቀስታ ይቆረቁራል። «ሁለት በሁለት!» አሉ በሹክሹክታ፣ እንደ ሕፃን እየፈነደቁ።

መረቡ ወፉ ላይ ሲያርፍ ምድር ተንቀጠቀጠች። የጫካው ጠባቂ ዘንዶ ጉራሚት ከዋሻው ወጣ።

«ይዘሽው ሩጪ!»

«እርስዎስ አጎቴ?»

«እኔ በሕይወት ሳለሁ አያልፍም። ሂጂ ልጄ!»

ቴልሚራ ወፉን በደረቷ አቅፋ ሮጠች። ከኋላዋ የጋሻ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ቤተ መንግሥቱ አደባባይ ደርሳ ስትለቀው፣ ወፉ የሼላውን ዛፍ ተሽከርክሮ ወጣ፤ ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆረቆረ፤ በረጅም ምላሱም ጥቁሩን ትል መዞ አወጣ። ውኃው ገንፍሎ ሲወርድ አደባባዩ በእልልታ ተናጋ።

«የወደድሽውን ጠይቂ» አሉ ንግሥቲቱ።

«ወፉ ወደ ጎጆው ይመለስ። ጎርደም የወደቁበትን ጫካም መጥረቢያ አይንካው።»

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ተነሥተው በሕዝቡ ፊት ማሉ። ቴልሚራ ስለ አጎቷ ያለቀሰችው ያኔ ነበር።