ስምንት ሰዓት የመጣው ውሃ

የቦኖው ውሃ ቀጥኖ ሊቆም ሲል ሰዎች ወጥተው የማጠራቀሚያ ገንዳውን ክዳን ከፈቱ። መውጫ ቱቦውን የደፈነው የውሃ ጠባቂው ካፖርት ነበር። ካፖርቱ ውስጥ ጠባቂው ራሱ ነበረ።

መንደሩ በሙሉ ሁለት ቀን ከዚያ ውሃ ጠጥቷል። ሚስቱም ጠጥታለች። ይህን ስታስብ ሊሰማት የሚገባ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ግን አልመጣም። እጇ የራሷ አልመስላት ብሏል።

ባሏን ሰው ሁሉ «ጠብታ» ይለው ነበር። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካየ፣ የሰው ሠርግ ላይም ቢሆን፣ ተነስቶ ሳይዘጋ አይቀመጥም።

መርማሪው ረፋድ ላይ መጣ። አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ውሃ ለመነ። ሳታስበው ከጀሪካኑ ቀዳችለት፤ አሽትቶ አስቀመጠው።

«ክሎሪን ክሎሪን ይላል።»

«ገንዳው የታጠበ ሰሞን እንዲህ ነው። ሳምንት አይለቅም።»

«ያን ቀን ምን ብሎሽ ወጣ?»

«ውሃ ዘግቼ ገንዳውን አጥባለሁ አለ። ‹ስጨርስ መልሼ እሞላዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድምሽ ወደ መንደር ይልቀቀው። እኔ ከዚያው ያለቀውን ክሎሪን ልገዛ ከተማ እሄዳለሁ› አለኝ። እኔም ከተማ ያለ መስሎኝ ነበር።»

የባሏ ረዳት የነበረው ታናሽ ወንድሟ ከጠዋት ጀምሮ በካቴና ታስሯል። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ከተማ እስር ቤት ይወስዱታል። ያሳሰረችው ራሷ ናት። ፖሊሶቹ ሲጠይቋት፣ ባለፈው ሳምንት ተጣልተው «አንድ ቀን እዚያው ገንዳህ ውስጥ እከትሃለሁ» ሲለው መስማቷን ተናገረች። የገንዳው ቁልፍም ኪሱ ውስጥ ተገኘ። እሱ ግን «ገንዳው ሞልቶ፣ ክዳኑ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት፤ መውጫውን ከፍቼ ተመለስኩ» ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

መርማሪው ሰፈሩን እንድታሳየው ጠየቃት። አብራው ወጣች፤ ቤት ከመቀመጥ በምንም አይለይም።

የቦኖ ጠባቂዋም ሲጠይቃት ከተረፈው ውሃ ሰጠችው። አሸተተና መለሰው።

«ያን ቀን ውሃው ስንት ሰዓት መጣ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጀሪካን ደርድረን ወገባችን ተቆረጠ እኮ።»

«ወረፋውን ማን ያስከብር ነበር?»

ሴትዮዋ ሚስቲቱን አየት አደረገቻት። «የእሷ ወንድም ነዋ። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ከዚህ ንቅንቅ አላለም።»

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግቢ በዚያ በጋ ለምለም ነበር። ብርጭቆ ይዞ ወጣ። መርማሪው አሸተተ፣ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ድገሙኝ አለ።

«ያን ቀን እርስዎም ተቸገሩ?»

«እንዴታ፤ እንደ ሰው ሁሉ ነዋ። ጠዋት ሄደ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው ሲመለስ ተገላገልን።» ወደ እሷ ዞረ። «አይዞሽ እህቴ። ወንድምሽ ቁጡ መሆኑን ማን ያጣዋል?»

አመሰገነችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው ሁሉንም ገንዳው ሥር ሰበሰበ። ወንድሟ ከነካቴናው ቆሟል። እሷ ፊቱን አላየችም።

«ሐኪሙ ሟቹ ሰጥሞ ነው የሞተው ብሏል፤ የጣቶቹ አንጓዎች አብጠዋል፤ ክዳኑን ሲደበድብ ነው» አለ መርማሪው። «ስለዚህ ውስጥ እያለ ክዳኑ ተቆለፈበት፤ መግቢያው ቫልቭም ተከፈተበት። ጓጉንቸሩ ሲጫኑት ይቆለፋል፤ ቁልፍ አይፈልግም። ባዶውን ገንዳ ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ሰዓት» አለ ወንድሟ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞልቶ ከተገኘ፣ የተከፈተው ቢዘገይ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ይህ ልጅ ያኔ በመንደሩ ሁሉ ዓይን ፊት ወረፋ ያስከብር ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሰብሳቢው ውሃ ስምንት ሰዓት መጣ አሉኝ። መንደሩ ውስጥ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ያየ አለ?»

«ኧረ የለም» አለች የቦኖ ጠባቂዋ።

«የእርስዎ ውሃ ክሎሪን አይሸትም። ፖሊሶቹ አጥርዎን ተከትለው ሲቆፍሩ፣ ከገንዳው በፊት ከዋናው መስመር የተቀጠለ ቱቦ አገኙ። ገንዳው ቢዘጋም የእርስዎ ቧንቧ አይቋረጥም። ስለዚህ ስምንት ሰዓትን ከቧንቧዎ አላወቁትም፤ የሚያውቀው ቫልቩን የከፈተው እጅ ብቻ ነው። ቫልቭ ሲከፈት ውሃ የመጣ መሰለዎት፤ ተሰልፈው ጠብቀው አያውቁማ። ጠብታ ቱቦውን አገኘው፤ አይደል?»

«ለስብሰባ አቀርበዋለሁ አለኝ» አለ ሰብሳቢው።

«ስትዘጋበት ምንም አላለም?» አለች ሚስቲቱ። የጠየቀችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞርባት ነው።

«በስህተት የዘጋሁበት መስሎት ነበር። ‹ጋሼ፣ እኔ ውስጥ ነኝ› አለኝ። ደጋግሞ።»

ካቴናው ከወንድሟ እጅ ወደ ሰብሳቢው እጅ ተዛወረ። ሰው ተበተነ፤ ውሃ እስኪጣራ ምንጩ ድረስ መውረድ ግድ ነውና ጀሪካን ይፈልግ ጀመር። ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እታለም፣ አንቺም አምነሽ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። ለሁለቱም ይሻል እንደነበር ታውቃለች፤ ግን ውሸት የሚፈጥር ጉልበት አልነበራትም።

«አዎ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጀሪካኗን አንስቶ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ያዘ፤ ዞር ብሎ አላያትም። እሷም ከኋላው ሄደች።