ቀይዋ ወይስ ነጯ

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ናዝሬት ሰልጣኟን መሪ አስጨብጣ በአብነት ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ስትሄድ መንገድ ተዘጋባት። የዘጋችው ቀይ መኪና ነበረች፤ ሁለት በር ያላት፣ ከመሬት ብዙም የማትርቅ የድሮ ስፖርት መኪና። ከኋላዋ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሰ ወጣት ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል። መሪው ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

ናዝሬት የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ናት። የቆመ መኪና አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ለሰልጣኟ «የእጅ ፍሬኑን ስበሽ ጠብቂኝ» ብላ ወረደች።

«ወንድሜ፣ ባትሪ ነው?»

«ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር አላውቅም» አለ ወጣቱ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «እኔ መግፋት ብቻ ነው የምችለው።»

«መንዳትስ?»

«አልችልም።»

«አባባስ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ብቅ አሉ። «መንዳቱን እችላለሁ ልጄ። ማየቱ ነው ያቃተኝ።»

ናዝሬት ሳቋ አመለጣት። ወጣቱም ሳቀ። ሁለቱም አብረው ስለሳቁ ይሁን በሌላ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩና ከሚገባው በላይ ትንሽ ቆዩ።

ሽማግሌውን ደግፋ ወደ ጎን ወንበር አሸጋገረቻቸውና መሪው ላይ ተቀመጠች። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። «ግፋ!» አለች። ወጣቱ ገፋ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ስታደርግ መኪናዋ አንዴ ተንገጫገጨች፣ እንደ ሰው ሳለች፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅዋን አሰማች። ናዝሬት ነዳጅ ሰጠት አደረገች። ከኮፈኑ ስር የሆነ ነገር በቀጭኑ አፏጨ።

«ቱርቦ ናት?» አለች፣ በአሮጌ መኪና ይህን የሞተር ጉልበት መጨመሪያ መስማቷን ማመን አቅቷት።

«ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ነው የሸጠልኝ፣ በሰማንያ ሦስት» አሉ ሽማግሌው። ስማቸው አቶ ሚደቅሳ ነው፤ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የፈጁ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግስት ግላኮማ ዓይናቸውን ያዘው። አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። «ሞተሯ እንዳይተኛ በየሳምንቱ እናስነሳታለን። የሚነዳት ከሌለ ግን ብረት ናት። ለሚነዳት ሰው ልሸጣት ነው።»

ናዝሬት ልቧ ዘለለ። መኪና እየፈለገች ነበርና።

---

ለሦስት ዓመታት፣ ጥር ላይ በሚካሄደው የመኪና እሽቅድምድም በሰው መኪና ተወዳድራለች። በሰው መኪና ደግሞ ነዳጅ እስከ መጨረሻው አይረገጥም፤ ሁልጊዜ የምትጨርሰው ከኋላ ነው። ዘንድሮ የራሷን ለመግዛት ቆርጣለች። ሁመድ የሚባል የመኪና ነጋዴ አንዲት ነጭ የጃፓን መኪና አሳይቷት ነበር። ከቀይዋ በሃያ ዓመት የምታንስ፣ ለውድድር ሜዳ ታስባ የተሠራች ናት። ሬዲዮ የላትም። የኋላ ወንበሯ ክብደት ለመቀነስ ተነቅሏል። ናዝሬት ልትዋዋል አንድ ሳምንት ሲቀራት ነው ቀይዋ መንገድ የዘጋችባት።

እሁድ ለሙከራ ሄደች። አቶ ሚደቅሳ ከጎኗ ተቀመጡ፤ መኪናዋን ሲገፋ የነበረው ልጃቸው ኢፋ ጉልበቱን አጥፎ ከኋላ ገባ። በአምቦ መንገድ ወጡ። ቀይዋ ሲረግጧት ወዲያው አትሰማም፤ ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ሳይታሰብ ጀርባን ከወንበር ጋር ታጣብቃለች። በተጣበቁ ቁጥር አቶ ሚደቅሳ እንደ ሕፃን ይስቃሉ። ናዝሬት የኋላውን ለማየት ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ መንገዱን ሳይሆን የኢፋን ዓይኖች ታገኛለች። እሱ ቶሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

«ምን ትሠራለህ ኢፋ?» አለችው ሲመለሱ።

«ልደታ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ኦሮምኛ የሚናገረውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛ የሚናገረውን ወደ ኦሮምኛ። ቀኑን ሙሉ ስናገር እውላለሁ፤ አንዱም ቃል የኔ አይደለም።»

«እቤት ስትገባስ?»

«እቤት ስገባማ የሚናገረው እሱ ነው» አለ በአገጩ ወደ አባቱ እያመለከተ።

በሚቀጥለው እሁድም ወጡ፤ በሚቀጥለውም። ናዝሬት ለራሷ «መኪና በአንድ ቀን አይታወቅም» እያለች የሁመድን ውል ታራዝም ነበር። እናቷ ወይዘሮ ወለተሰንበት ግን አልተሸወዱም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ከመስኮታቸው ሆነው ልጃቸው እየነዳቻት የመጣችውን ቀይ መኪና ለአፍታ ስታቆም፣ ከመኪናዋም አንድ ረጅም ልጅ ወርዶ በሩን ሲይዝላት አይተዋል።

«እኔን ከጠየቅሽኝ ቀይዋን ግዢ» አሏት።

«መኪና ምን ታውቂያለሽ እማ?»

«ነጯ የኋላ ወንበር የላትም አላልሽም? ነገ ልጅ ስትወልጂ የት ልታስቀምጪው ነው?»

---

ነጯን ለመጨረሻ ጊዜ ለመሞከር ሁመድ ለአንድ ጠዋት ቁልፏን ሰጣት። «ትመጣለህ?» አለችው ኢፋን። አቶ ሚደቅሳ ቀሩ፤ መኪናዋ ለሦስት ሰው ቦታ የላትም።

ኢፋ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የልደታ ጉድጓድ ሁሉ በአከርካሪው በኩል ሰላም አለው። ጫጫታውም እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ከከተማ ወጥተው ባዶው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ናዝሬት ተለወጠች። ነጯ የታዘዘችውን በታዘዘችበት ቅጽበት ትፈጽማለች። ኩርባው ሲመጣ ናዝሬት በእርጋታ ማርሽ ትቀንሳለች፣ መሪውን በጣቶቿ ታዞራለች፣ መኪናዋም እንደ ጣቷ ትከተላለች። ከንፈሯ በትንሹ ተከፍቷል። ዓይኗ ሩቅ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኢፋ አልተመለከተችም።

እሱ ግን ከሷ ሌላ ነገር አላየም። በመጨረሻ መንገዱ ዳር አቆመች።

«እንዴት ናት?» አለችው።

«ደህና ናት» አለ።

ተመልሰው እስኪገቡ ዝም ተባባሉ። ናዝሬት ዝምታውን መኪናዋ ስላልተመቸችው ነው ብላ ተረጎመችው። እሱ ያሰበው ግን እንዲህ ነበር፦ ቀይዋን ብትገዛ አባቴ ደስ ይለዋል። እኔም እሁድ እሁድ አያታለሁ። ግን ቀይዋ ውስጥ እንደዚህ ሆና አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ ናዝሬት አብነት ሄደች። ወስና ነበር። ሌሊቱን በሙሉ አስባ ነጯ ፈጣን እንደሆነች፣ ጥር ላይ የምታስፈልጋትም እሷ እንደሆነች አውቃ፣ ግን ቀይዋን መርጣለች። አባባ ሲስቁ መስማት ትፈልጋለች። መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ዓይኖች ማጣት አትፈልግም። ይህ መኪና ለመግዛት ምክንያት ይሆናል?

ኢፋ የቆርቆሮውን በር ከፍቶላት ደጃፉ ላይ ቆመ። ገና አፏን ሳትከፍት፣

«ነጯን ግዢ» አላት።

«ምን?»

«ስታስቢበት እንደነበር አውቃለሁ። ቀይዋን ተያት። ነጯን ውሰጂ።»

ናዝሬት ፊቱን አየችው። ሌላ ቃል ካለው ጠበቀች። ኢፋ ጫማውን ያያል። በቀን ስንት ሰው በአፉ የሚናገርበት ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ምላሱ ተሳሰረ።

«አባባስ?»

«ለሱ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ መምጣት አያስፈልግሽም።»

ከጭንቀት ሊያድናት ብሎ ነው እንዲህ ያለው። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች። ዞራ ቁልቁለቱን ወረደች። ታክሲ ተራ እስክትደርስ አላለቀሰችም።

---

ነጯን ገዛች። ቀን ታሠለጥናለች፣ እሁድ እሁድ ለብቻዋ ትለማመዳለች። በአብነት በኩል ማለፍ ተወች፤ ሰልጣኞቿን በጠቅላላ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ማዞር ጀመረች። ወይዘሮ ወለተሰንበት «ያ በር የሚይዝልሽ ልጅ የት ሄደ?» ብለው አንዴ ጠየቁ፤ የልጃቸውን ፊት አይተው ደግመው አልጠየቁም።

ጥር ደረሰ። ውድድሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ለዕለቱ በተዘጋ አዲስ አስፋልት ላይ ነበር። ናዝሬት የራስ ቁሯን አጥልቃ፣ ቀበቶዋን አጥብቃ መስመር ላይ ቆመች። በዚያ ቀን ከፊቷ ያለውን ኩርባ እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም። ነጯም አላሳፈረቻትም። ከወንዶቹ ሁሉ አንድ ብቻ ቀደማት፤ ሁለተኛ ወጣች።

ጭብጨባው በረድ ሲል፣ አጥሩ ጋ ነጭ ዘንግ የያዙ ሽማግሌ በሰው መሐል ሲገፉ አየች። አቶ ሚደቅሳ ነበሩ። ኢፋ ክንዳቸውን ይዟል። ናዝሬት የራስ ቁሯን እንደያዘች ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙት።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከዚህ ልጅ ጋር ግን ዳግመኛ ውድድር አልመጣም!»

«ምን አደረገ አባባ?»

«የሚሆነውን እንዲነግረኝ ይዤው መጣሁ። ሰማያዊው ሲያልፍ ይነግረኛል፣ ጥቁሩ ሲያልፍ ይነግረኛል። ያንቺ መኪና በፊታችን ስታልፍ ግን ዝም! በዞርሽ ቁጥር ዝም! አስተርጓሚ ተብሎ ደመወዝ ይበላል።»

ኢፋ እስከ ጆሮው ቀላ። ሽማግሌው «እዚህ ድንጋይ ላይ አስቀምጡኝና ሂዱ፣ እኔ ሞተር ልስማበት» አሉ። ሁለቱ በአጥሩ ዳር ጥቂት ራመድ አሉ።

«ለምን አትምጪ አልከኝ?» አለች ናዝሬት።

«አትምጪ አላልኩም።»

«"መምጣት አያስፈልግሽም" አላልክም?»

«አልኩ። ለአባቴ "አልገዛትም" ብለሽ መንገር እንዳይከብድሽ ብዬ እኮ ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ናዝሬት፣ ቀይዋን ልትገዢ የነበረው ለኛ ብለሽ ነው። አይደለም?»

ናዝሬት የራስ ቁሯን አጥሩ ላይ አንጠለጠለችው።

«ነጯ ውስጥ አይቼሻለሁ። በዚያ ቀን እኔ አጠገብሽ መኖሬንም ረስተሻል። ሰው በሚወደው ነገር ውስጥ ሆኖ እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም። ያንን ትተሽ በኔ ምክንያት በአሮጌ መኪና ኋላ ብትቀሪ፣ እያንዳንዱ እሁድ ዕዳ ይሆንብኝ ነበር።»

«ይኼን ያን ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አማርኛው ጠፋኝ።»

«በኦሮምኛ አትነግረኝም ነበር?»

«እሱም ጠፋኝ።»

ናዝሬት እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። «ሞኝ ነህ። እኔ ደግሞ እንዳላይህ የፈለግህ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ በሜክሲኮ እዞራለሁ!»

«ቀይዋን ለማን ሸጣችኋት?» አለች ቆይታ።

«አልሸጥናትም። ሦስት ሰው መጥቶ ነበር፤ አባቴ አንዱንም አልወደደም። እና እኔ አንድ ነገር አሰብኩ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት። «ሰኞ ማሰልጠኛችሁ እመዘገባለሁ። የሚነዳት ሰው እኔ እሆናለሁ። አስተማሪ መምረጥ ይቻላል?»

«አይቻልም» አለች ናዝሬት። «ግን ሰኞ ጠዋት ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

---

ኢፋ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። ማርሽ ሲቀይር እጁን ያያል፣ መታጠፊያ ሲደርስ ለእግረኛ ሁሉ ቆሞ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። ናዝሬት በትምህርት ሰዓት እንደማንኛውም ሰልጣኝ ትቆጣዋለች፤ ከትምህርት በኋላ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ያኔ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። የሚናገረው ነገር ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ግንቦት ላይ ሁለተኛውን ፈተና አለፈ። በዚያው ሳምንት ቀይዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ እየነዳ ከግቢ አወጣት። አቶ ሚደቅሳ ከኋላ ገቡ፤ «ዛሬ ባለሥልጣን ነኝ» አሉ። ናዝሬት ከጎኑ ተቀመጠች። በአብነት ወጥተው ወደ ልደታ ሲቀርቡ የባቡሩ ግንባታ መንገዱን አጥብቦት ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ እግረኛው ተደባልቋል። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋበት።

ከኋላቸው አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሌላው ተከተለ።

«አትደንግጥ» አለች ናዝሬት።

«አልደነገጥኩም» አለ ኢፋ። ላቡ ግን በግንባሩ ይወርዳል። ቁልፉን አልነካውም። ወደ እሷ ዞረ። «ናዝሬት፣ ይኼን ከአሁን በኋላ ባቆየው መቼም አልናገረውም። ታገቢኛለሽ?»

ከኋላ ወንበር አቶ ሚደቅሳ እስትንፋሳቸውን ዋጡ። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ጀለሴ፣ ንቀለው!» እያለ ይጮኻል።

«ኢፋ፣ እሺ። አሁን ፍሪሲዮኑን ርገጥ። አስነሳ። ስፖኪዮውን እይ፣ ፍሬቻ አሳይ... ቀስ ብለህ ልቀቀው።»

አስነሳ፣ አየ፣ አሳየ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ቀይዋ ሳትንገጫገጭ ተነሳች። ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ እስኪወጡ ኢፋ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«መልስ አልሰጠሽኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰጥቼሃለሁ።»

«መቼ?»

«"እሺ" አልኩህ እኮ።»

«እሱ ለመኪናው መስሎኝ!»

«ለመኪናውማ ፍሪሲዮን ርገጥ ነው ያልኩህ» አለች ናዝሬት። «አቁምና እቀፈኝ፤ መጀመሪያ ግን ዳር ያዝ።»

ኢፋ ዳር ያዘ።