በተራራው ግርጌ የታየው ቅላት

ስብሐት ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቷል። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ዊንጌት አጠገብ ባለችው ትንሽ የካርታ ቢሮው ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ከሳተላይት የተነሳ የእሳተ ገሞራ ምስል ይታያል። የተራራው ግርጌ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ቢሮው ከተራራው ሥር ለኤሌክትሪክ የሚሆን እንፋሎት መኖሩን ያጠና ነበር።

ኢንስፔክተር ሰርካለም መደርደሪያውን አየች። ከተራራው የመጡት ድንጋዮች ሁሉ አቧራ ለብሰዋል፤ አንድ ባልጩት ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል።

ትናንት አመሻሽ ከሟቹ ጋር የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ምስል የምትተነትነው ሰምሀል፣ ሥራ አስኪያጁ ኪብሮንና ሾፌሩ ባጫ። ሰምሀል ስብሐት ላይ ስትጮህ ጎረቤት ስለሰማ ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ከጎኗ ቆሟል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ሰርካለም።

«እናቴ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታለች። ፈቃድ ከለከለኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ኪብሮን ግን እዚሁ ነበር።»

«ውሸቷን ነው» አለ ኪብሮን። «ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስብሐት ይህንኑ ምስል እያሳየኝ ‹ይኸው፣ የቀላው ሁሉ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱን አገኘነው› ብሎኝ ደስ ብሎት ነበር።»

ሰርካለም ወደ ባጫ ዞረች። «ጋሽ ባጫ፣ ማን ቀደመ?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፣ ልጄ። ማኪናው ውስጥ አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ ሲስቅብኝ ነው ያመሸው። እሱን ጠይቂው።»

ጎሚስታው ተጠየቀ። ባጫ ከማኪናው አልወረዱም።

ሰርካለም ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሰምሀል፣ ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ዛፍና ሣር። በዚህ ዓይነት ምስል ላይ ለምለም ነገር ቀልቶ ነው የሚወጣው። የሙቀቱ ምስል ሌላ ነው።»

«እስቲ ክፈቺው።»

ሰምሀል ከፈተችው። ግርጌው ድፍን ጥቁር ሆነ።

«ጥቁሩ ቀዝቃዛ ነው» አለች። «እንፋሎት የለም። ስብሐት ዛሬ ጥናቱን ላሠሩት ሰዎች ሊነግራቸው ነበር።»

ሰርካለም ወደ ኪብሮን ዞረች።

«ስብሐት ቅጠሉን ትኩስ ነው አይልም። ያንን ቃል አፉ ውስጥ የከተቱት እርስዎ ነዎት። በባልጩቱ መትተውት ድንጋዩን አጠቡ። ከዚያ ጥቁሩን ምስል ዘግተው ቀዩን ከፈቱ። ሰምሀል ቀዩን ታውቀዋለች፤ ሙቀት ነው ብላ አትከፍተውም። ጋሽ ባጫ ከማኪናው አልወረዱም። ቀይ ሲያይ ሙቀት የሚመስለው አንድ ሰው ቀረ።»

ኪብሮን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ከሰዎቹ ጋር አዲሱን ውል እስክንፈራረም ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ። «ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፖሊሱ ከሰምሀል ጎን መጥቶ ሲያስረው እንኳ ኪብሮን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም።

«ቅጠል ነው?» አለ ቀስ ብሎ።